የድሮዎቹ የሲኒማ ቤተ መንግሥቶች ውበት በአዲስ አዳራሽ ውስጥ፦ ምኑ ይወሰድ? ምኑ ይቅር?

ሦስተኛ ረድፍ (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ አዲስ ሲኒማ ቤት ንድፍ ላይ እየሠራሁ ነው። 300 ያህል መቀመጫ ያለው አንድ ትልቅ አዳራሽ፣ ከጎኑ ደግሞ ሁለት ትንንሽ አዳራሾች አሉት። አሠሪው የሚለን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እንደ ድሮዎቹ ይሁን።» በ1920ዎቹ የተሠሩትን የሲኒማ ቤተ መንግሥቶች ማለቱ ነው። መድረኩን የሚከብበውን ቅስት፣ ወርቅ ቅቡን፣ ግዙፉን መብራትና ቀዩን መጋረጃ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ግማሹ ቡድን ግድግዳውን ሁሉ በጂፕሰም ጌጥ ሞልቶ ወርቅ ሊቀባው ይፈልጋል። የኮምፒውተር ምስሉን ሳየው የሠርግ አዳራሽ መሰለኝ። የድምፅና የምስል አማካሪዎቹ ደግሞ ሁሉም ነገር ጥቁር ካልሆነ አንፈርምም ብለዋል። እኔ መሀል ላይ ቆሜያለሁ።

የእኔ ዝንባሌ ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለውን ከድሮው ወስዶ፣ ከወንበሩ እስከ ስክሪኑ ያለውን ለዛሬው መተው ነው። ግን አዳራሹ ውስጥ ምንም ካልቀረ አሠሪው «ታዲያ የቱ ጋ ነው ቤተ መንግሥቱ?» ማለቱ አይቀርም። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ሐሳብ ወርውሩልኝ።

---

ጥቁር ሣጥን

አማካሪዎችህ ልክ ናቸው። ስሜን አይተህ ታዳላለህ እንዳትለኝ እንጂ ነገሩ ቀላል ፊዚክስ ነው። በተለመደው መለኪያ የስክሪን ነጭ በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ብዙ አይደለም። ያ ብርሃን ወደ አዳራሹ ይፈሳል፣ ግድግዳና ጣሪያ ይመታል፣ ከዚያ ተመልሶ ስክሪኑ ላይ ያርፋል። ጥቁር መሆን የነበረበት የምስሉ ክፍል ግራጫ ይሆናል። ባለ ሌዘር ፕሮጀክተር ገዝተህ፣ ለጥልቅ ጥቁሩ ብዙ ከፍለህ፣ በወርቅ ቅብ ግድግዳ ታበላሸዋለህ።

ወርቅ ቅብ ደግሞ ሌላም አመል አለው። ያብለጨልጫል። ትዕይንቱ ሲቀያየር ጎንህ ያለው የጂፕሰም መልአክ ብልጭ ድርግም ይልብሃል። ዓይንህ ወዴት እንደሚሄድ አስበው።

---

የድሮ ትኬት

ጥቁር ሣጥን፣ የምትለው ለዛሬ ፊልም ልክ ነው። ግን እነዚያ ቤቶች ለፊልም ብቻ አልተሠሩም። ይህን ሳያነሱ ስለ ጌጣቸው ማውራት አይቻልም።

በቶማስ ላምብ ንድፍ የተሠራው የኒው ዮርኩ ስትራንድ በ1914 ሲከፈት ፊልም ገና ርካሽ መዝናኛ ተብሎ የሚናቅበት ዘመን ነበር። ባለቤቶቹ የፈለጉት ያንን ንቀት መስበር ነው። ኦፔራ ቤት የሚመስል ቤት ሠርተው ተራውን ሰው በእምነ በረድ ደረጃ አስወጡት። በ1927 የተከፈተው ሮክሲ ደግሞ 5,920 መቀመጫ ነበረው! ኦርኬስትራ፣ ኦርጋን፣ ዳንስ፣ ዜና፣ ከዚያ ፊልም። ፊልሙ የምሽቱ አንድ ክፍል ነበር እንጂ ምሽቱ አልነበረም። ማርከስ ሎው የሚባለው ባለ ሲኒማ የምንሸጠው የፊልሙን ሳይሆን የቤቱን ትኬት ነው ይል እንደነበር ይነገርለታል።

ምቾቱም የዚያው አካል ነው። ዊሊስ ካሪየር በ1925 የኒው ዮርኩን ሪቮሊ በማሽን ሲያቀዘቅዝ ብዙ ሰው እንዲህ ያለ አየር ሌላ ቦታ አግኝቶ አያውቅም ነበር። በበጋ ሰዉ የሚገባው ፊልሙ ምንም ይሁን ምን ነው።

በነገራችን ላይ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ ፈንዲሻ አያስገቡም ነበር። ለምንጣፉ ሲሉ!

ያበቃላቸውም በአንድ ምክንያት አይደለም። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፊልም ኩባንያዎቹ ከሲኒማ ቤቶቻቸው እንዲለያዩ የሚያስገድድ ውሳኔ ሰጠ። ቴሌቪዥንም መጣ፣ ሰዉም ከመሀል ከተማ ወጣ። 4,000 ሰው የሚይዝ ቤት ማን ይሞላዋል? የዲትሮይቱ ሚሺጋን ቲያትር ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ነው። አዳራሹን ሙሉ በሙሉ ማፍረስ ከጎኑ ያለውን የቢሮ ሕንፃ ስለሚጎዳው ሆዱን ብቻ አውጥተው ፎቅ በፎቅ መኪና ደረደሩበት። ያጌጠው ጣሪያ አሁንም ከመኪኖቹ በላይ አለ። የሚገርመው ቦታው ሄንሪ ፎርድ የመጀመሪያ መኪናውን የሠራበት ነው።

---

ማሚቶ

ስለ ብርሃን ተባለ። ስለ ድምፅም ልበል፣ እንጀራዬ ነው።

የድሮው አዳራሽ የተሠራው ለኦርጋንና ለኦርኬስትራ ነው። ለሙዚቃ ድምፁ ትንሽ አየር ላይ ቢቆይ ደስ ይላል። የፊልም ንግግር ግን እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ይጨማለቃል። ዛሬ የምንፈልገው ድምፁ ቶሎ የሚሞትበት ቤት ነው። በተለይ በ2012 ዶልቢ አትሞስ የሚባለው የድምፅ ሥርዓት ከመጣ በኋላ ጣሪያውም ስፒከር ይፈልጋል። ዝናቡ ከላይ፣ ሄሊኮፕተሩ ከኋላ የሚመጣው በዚያ ነው። ቤቱ የራሱን ማሚቶ ከጨመረበት ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቅ፣ ሦስተኛ ረድፍ።

አንደኛ፣ ጉልላት። ጎድጎድ ያለ ጣሪያ ድምፅን ሰብስቦ አንድ ቦታ ይጥለዋል። እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉንም ነገር ሁለቴ ይሰማል። ጉልላት የግድ ካላችሁ ድምፅ በሚያሳልፍ ጨርቅ ሥሩትና መምጠጫውን ከጀርባው ደብቁት። ከታች ለሚያየው ሰው ልዩነት የለውም።

ሁለተኛ፣ «ጌጡ ድምፅ ይበትናል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ጥልቀቱን ጠይቁት። የ1,000 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እሱን በወጉ ለመበተን ጌጡ ቢያንስ ስምንት ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ወጣ ገባ ማለት አለበት። የድሮዎቹ ጌጦች ብዙዎቹ እንደዚያ ነበሩ፣ ጥልቅ ናቸው። ዛሬ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የሁለት ሳንቲ ሜትር አበባ ግን ለንግግር ድምፅ ያው ልሙጥ ግድግዳ ነው።

---

ሦስተኛ ረድፍ

ማሚቶ፣ የጥልቀቷን ነገር ለነገ ስብሰባ ወስጄያታለሁ። አመሰግናለሁ።

አሁን ጥያቄዬ፦ የድሮ ቤት ይዞ የዛሬን ቴክኖሎጂ በደንብ ያስገባ አለ? አሠሪው ምሳሌ ካላየ አያምንም።

---

ካቦ

አለ። የሆሊውዱን ቻይኒዝ ቲያትር አሳየው። በ1927 ነው የተከፈተው። በ2013 ወደ አይማክስ፣ ማለትም ወደ ግዙፍ ስክሪን ሥርዓት፣ ቀየሩት። ግድግዳውንና ጣሪያውን አልነኩም። ታሪካዊ ቅርስ ስለሆነ እንንካ ቢሉም አይፈቀድላቸውም። ታዲያ ምን አደረጉ? ወለሉን ወደ ታች ቆፈሩት። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚል አዲስ መቀመጫ ሠሩ፣ 932 ሰው ይይዛል። ከ28 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ስክሪን አስገቡ። ስትገባ የምታየው የ1927ቱን ቤት ነው፣ ስትቀመጥ ግን ከፊትህ ያለው ሰው ጭንቅላት አይከልልህም።

ቁፋሮውን የሚያህል ሥራ አልነበረውም ብዬ አስባለሁ። ከላይ ሁሉም ነገር የሚሰነጠቅ ጂፕሰም፣ ከታች ማሽን። እኔ ብሆን ኖሮ እንቅልፍ አልተኛም ነበር።

እዚያው ሰፈር ያለው ኢጂፕሺያን ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የ1922 ቤት ነው። በ1998 ሲታደስ በአሮጌው ቅርፊት ውስጥ አዲስ አዳራሽ አቆሙበት። አዳራሽ ውስጥ አዳራሽ። ድምፁ ተሻሻለ፣ ግን የድሮው ቤት ከአዲሱ ጀርባ ተሸሸገ። በ2023 እንደገና ሲከፈት ያንን አውጥተው ወደ ጥንቱ መልክ መለሱት፣ መቀመጫውን ወደ 516 ቀነሱት። በእኔ እይታ ሁለተኛው ይሻላል።

የለንደኑም ኦዲዮን ሌስተር ስኩዌር አለ፣ የ1937 ቤት። በ2018 በዶልቢ ሲኒማ ሥርዓት ሲታደስ መቀመጫው ወደ 800 ወረደ፣ በፊት ከዚያ እጥፍ በላይ ይይዝ ነበር። አሮጌው ኦርጋን ግን አሁንም እዚያው ነው።

---

ጥቁር ሣጥን

ካቦ፣ ምሳሌዎችህ የእኔን ነገር ነው የሚደግፉት። ሁሉም ቦታ ወንበር ተቀንሷል፣ አንዱ ቦታ ጭራሽ ወለሉ ተቆፍሯል። ምክንያቱም ቅስቱና ስክሪኑ ጠላት ናቸው።

ድሮ የምስሉ ስፋት ለቁመቱ 1.37 ለ1 ነበር፣ ወደ ካሬ የተጠጋ። ለዚያ የመድረኩ ቅስት በቂ ነው። በ1952 ሲኔራማ፣ በ1953 ሲኒማስኮፕ ሲመጣ ምስሉ ጎኑን ዘረጋ። ቅስቱ ጠበበ። ብዙዎቹ ባለቤቶች ስክሪኑን ከቅስቱ ፊት አቆሙት፣ አንዳንዶቹ ቅስቱን ራሱን አፈረሱት። በዚያን ጊዜ የጠፋው ጌጥ ብዙ ነው።

አዲስ ቤት እየሠራህ ያንን ጠብ ለምን በገንዘብ ትገዛዋለህ?

---

መጋረጃ ከፋች

ልጆች፣ እኔ ፊልም በማሳየት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሁላችሁም ትልቁን ነገር ዘለላችሁት። መጋረጃውን!

ስለ ግድግዳ ትጨቃጨቃላችሁ። ሰው ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ግድግዳውን አይደለም። መብራቱ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ የመጀመሪያው ምስል ገና ያልተከፈተው መጋረጃ ላይ ሲያርፍና ሲወዛወዝ፣ ከዚያ መጋረጃው ከመሀል ሲከፈል ነው አዳራሹ ዝም የሚለው። ያንን ዝምታ ከማሳያ ክፍሏ መስኮት ሆኜ ስንቴ እንደሰማሁት!

አሁን ስክሪኑ ራቁቱን ነው። ትገባለህ፣ ማስታወቂያ እየጮኸ ነው። ያልቃል፣ ሌላ ማስታወቂያ። ፊልሙ መቼ እንደጀመረ አታውቅም። አንድ ዘመናዊ ነኝ የሚል ቦታ ገብቼ የደረጃው መብራት ፊልሙ እስኪያልቅ ሰማያዊ ሲያበራብኝ ነበር። ብነግራቸው «ዲዛይኑ ነው» አሉኝ።

ከቤተ መንግሥቶቹ አንድ ነገር ብቻ ውሰድ ብትሉኝ ሞተር ያለው የከፋይ መጋረጃ ነው የምለው። ከወርቁ ሁሉ ይረክሳል። ቀለሙ ደማቅ ቀይ ቢሆንም ፊልሙ ሲጀመር ዞር ስለሚል ጥቁር ሣጥንን አያስቀይምም። ከእሱ ጋር የስክሪኑን ጠርዝ የሚያስተካክለው ጥቁር ጨርቅም ይንቀሳቀስ። ጠባብ ፊልም ሲሆን ይጥበብ፣ ሰፊ ሲሆን ይስፋ። ግራጫ ባዶ ጎን እያሳዩ ፊልም ማሳየት ስንፍና ነው።

አንድ ምክር ደግሞ፣ የማሳያ ክፍሉን ከሰገነት በላይ አትስቀሉት። የድሮዎቹ ቤቶች ትልቁ በሽታ ያ ነበር። ምስሉ ከላይ ቁልቁል ስለሚወርድ ታቹ ሰፋ፣ ላዩ ጠበብ ይላል። እኛ በጭንብል እየቆረጥን ነበር የምናስተካክለው።

---

ጥቁር ሣጥን

> ጥቁር ሣጥንን አያስቀይምም

ጋሼ፣ በመጋረጃ አልከራከርም። መጋረጃ ካለማ ቅስት ምን ያደርጋል? 😄

---

ሶፋዬ

ይቅርታ ግን የሰው ወንበር የት ሄደ? እኔ ተንጋልዬ ነው ማየት የምፈልገው። ወርቅም ጥቁርም ግድ የለኝም።

---

ካቦ

ሶፋዬ፣ ሳቁ ይቆይና ጥያቄሽ ግን ትልቅ ነው። የሚንጋለል ወንበር በረድፎች መካከል ያለውን ርቀት ከተለመደው ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል። 300 ሰው ብለው ያቀዱት አዳራሽ ወደ 150 ሊወርድ ይችላል። ሦስተኛ ረድፍ ይህን አሁኑኑ ከአሠሪው ጋር ይጨርስ። ወንበሩ ሳይወሰን ስለ ጣሪያ ማውራት ቅደም ተከተሉ የተዛባ ነው።

ደረጃ በደረጃ ከፍ በሚል መቀመጫ ላይ የሚከራከር አሁን የለም። በ1995 ዳላስ ላይ ባለ 24 ስክሪኑ ኤኤምሲ ግራንድ ሲከፈት ሰዉ አንዴ ቀመሰው፣ ከዚያ በኋላ ተዳፋት ወለል አለቀለት። ይህ ማለት ግን አዳራሹ ውስጥ የድሮው ዓይነት ሰገነት ቦታ የለውም ማለት ነው። ሰገነት የሚፈልግ ሎቢ ውስጥ ይሥራው። ከላይ ሆኖ የሚገባውን ሰው ማየት ራሱ ትርኢት ነው።

---

ኮከብ ቆጣሪ

እስካሁን ማንም ያላነሳው ዓይነት ቤት አለ። ጆን ኤበርሰንን አታውቁትም?

ይህ ሰው ወርቁና መላእክቱ ሰልችቶት ጣሪያውን ሰማይ አደረገው። በ1923 የሂውስተኑን ማጀስቲክ ሠራ። ጎንና ጎኑ የአትክልት ግቢ አጥር ይመስላል፣ ማማ አለው፣ ዛፍ አለው። ከላይ ግን ምንም ጌጥ የለም። ልሙጥ፣ ጎበጥ ያለ፣ ሰማያዊ ልስን ብቻ። ትንንሽ አምፖሎች ኮከብ ይሆናሉ፣ አንድ ማሽን ደመና እያንቀሳቀሰ ያሳልፋል። ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ይመሻል፣ ፊልሙ ይጀምራል። የፓሪሱ ግራን ሬክስም የዚህ ወገን ነው፣ ኤበርሰን ራሱ እጁ አለበት። በ1932 ተከፍቶ ዛሬም 2,700 ያህል ሰው ይቀበላል፣ ኮከቦቹም አሉ።

አሁን ልብ በሉ። እዚህ ጌጡን የሚሠራው ብርሃን ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን ስትጫነው ጌጡ የለም! ጥቁር ሣጥን የሚፈልገው ጨለማ ይመጣል። አሠሪው የሚፈልገው ትንፋሽ የሚያስይዝ ነገር ደግሞ ከዚያ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ውስጥ አለ። ለምን ወርቅ ላይ ተጣበቃችሁ?

---

ማሚቶ

ኮከብ ቆጣሪ፣ በጣም! ጎበጥ ያለው ልስን ብቻ ለእኔ መርዝ ነው፣ ስለ ጉልላት ያልኩትን አስታውሱ። ግን ያንን ሰማይ ዛሬ በተወጠረ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ መሥራት ይቻላል። ድምፁ ያልፋል፣ ከጀርባው ይመጠጣል፣ የአትሞሱ ስፒከሮችም እዚያው ይደበቃሉ። ኮከቦቹ የፋይበር ኦፕቲክ ክሮች ይሁኑ። ብርሃን ሰጪው ሣጥን ከአዳራሹ ውጭ ስለሚቀመጥ አምፖል ለመቀየር ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው አይኖርም።

ጨርቁ እሳት የሚቋቋም መሆኑን በወረቀት አረጋግጡ። በቃል ብቻ አትቀበሉ።

---

ጥቁር ሣጥን

በጨርቁ ሰማይ እስማማለሁ። በሁለት ነገር ግን አልደራደርም። ኮከቦቹ ፊልሙ ሲጀመር ሙሉ በሙሉ ይጥፉ፣ «ትንሽ ትንሽ ይብሩ» የሚል ሰው ይመጣል፣ እሱን አባርሩት። ከስክሪኑ አጠገብ ያለው የግድግዳው ሲሶ ደግሞ ፈዛዛ ጥቁር ይሁን፣ ምንም የሚያብረቀርቅ ነገር አይኑርበት። ከዚያ ወደ ኋላ ስትሄዱ ቀለሙ እየከፈተ ጥቁር ቀይ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ቢሆን ብዙ አይጎዳም። ከተመልካቹ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ ወርቅ ካማራችሁ እንኳ ጭላጭ አድርጉበት። ግን ፈዛዛ።

---

የድሮ ትኬት

ወርቅ የግድ አይደለም የሚለውን ልጨምርበት። በ1923 የተከፈተው የስቶክሆልሙ ስካንዲያ የጉናር አስፕሉንድ ሥራ ነው። የጥንቶቹን የግሪክና የሮም ዘይቤ ወስዶ አቀለለው፣ ቀለሙን አጠቆረው። የአምስተርዳሙ ቱሺንስኪ (1921) ደግሞ ሌላው ጫፍ ነው፣ ምንጣፉ፣ መብራቱ፣ ግድግዳው ሁሉ ያወራል፣ ዛሬም አዲስ ፊልም ያሳያል። የሕንዱ ራጅ ማንዲር በ1976 ነው የተከፈተው። የአሜሪካ ቤተ መንግሥቶች እየተዘጉ በነበረበት ዘመን መሆኑ ነው! የማንንም አልገለበጠም። ሎቢው ክብ፣ ግድግዳው እንደ ሞገድ የሚዞር፣ ብርሃኑ ከተሸሸገ ቦታ የሚፈስ ነው።

ሦስቱ አይመሳሰሉም። የሚያገናኛቸው መንገዱ ነው። ከጎዳናው ኒዮን፣ ወደ ዝቅተኛው ታዛ፣ ከዚያ ከፍ ወዳለው ሎቢ፣ እንደገና ወደ ጠባቡና ጨለም ወዳለው መተላለፊያ፣ ከዚያ አዳራሽ። የሎስ አንጀለሱ አርክቴክት ኤስ. ቻርልስ ሊ ትርኢቱ የሚጀምረው እግረኛ መንገዱ ላይ ነው የሚል መርሕ ነበረው። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ በአሳንሰር አውጥተው በቀጥታ ፈንዲሻ መሸጫው ፊት ያቆሙሃል።

---

ካቦ

አንድ ነገር ለጌጥ ወዳዶቹ ባልደረቦችህ። ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠል ጂፕሰም ቀልድ አይደለም። በ2013 የለንደኑ አፖሎ ቲያትር ጣሪያ በትርኢት መሀል ከፊሉ ተደርምሶ ብዙ ሰው ተጎድቷል። ጌጡን ከላይ የያዘው ከ100 ዓመት በፊት የተሠራ የጨርቅና የጂፕሰም ማሰሪያ ነበር፣ አርጅቶ ተበጠሰ።

ዛሬ በብርጭቆ ክር የተጠናከረ ቀላል ጂፕሰም አለ፣ በብረት ይንጠለጠላል። ጥሩ ነው። ግን ከጣሪያው በላይ ሰው ገብቶ ማሰሪያውን የሚያይበት መረማመጃ ሥሩ። ንድፍ ላይ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው፣ «ቦታ ይበላል» ይባላል።

---

ሦስተኛ ረድፍ

ከስብሰባ መጣሁ። የጨርቁን ሰማይና መጋረጃውን በእርሳስ ሥዬ አሳየኋቸው። አሠሪው ሰማዩን ወደደው፣ ስለ ወርቁ እንኳ አላነሳም። ወርቁ ሎቢ ውስጥ ይቀራል፣ ደረጃው እጀታ ላይና ትኬት መቁረጫው ዙሪያ። ቅስቱን ተውነው፣ መጋረጃው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሆናል። ወንበሩ ላይ ግን ገና እየተጣላን ነው፣ ሶፋዬ ብትኖር ታሸንፍ ነበር።

አንድ አዲስ ነገር መጣ። አንዱ ባልደረባ ፕሮጀክተሩን ትተን ራሱ የሚያበራ የኤልኢዲ ስክሪን እናስገባ አለ። በ2017 ሴኡል ላይ የተጀመረው ዓይነት።

---

ማሚቶ

ምስሉ ያምራል። ግን አብዛኛው የኤልኢዲ ስክሪን ድምፅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ የለውም። በተለመደው ስክሪን ስፒከሩ ከጀርባ ነው፣ ተዋናዩ ሲናገር ድምፁ ከአፉ ይመጣል። በኤልኢዲ ስፒከሩ ላይና ጎን ይሄዳል፣ ከዚያ ድምፁን ወደ መሀል ለማምጣት ሌላ ብልሃት ያስፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት ንግግር የበዛበት ፊልም ከፊት ረድፍ ተቀምጣችሁ ስሙ።

---

ጥቁር ሣጥን

ደግሞም ከፕሮጀክተር ይልቅ ብዙ ሊያበራ ይችላል፣ ስለዚህ ግድግዳው የባሰ ይታያል። በየትኛውም ብትወስኑ ቀለሙን ከካታሎግ አትምረጡ። የግድግዳውን፣ የወንበሩን ጨርቅና የምንጣፉን ናሙና ውሰድ፣ አንድ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነጭ ምስል አብራ፣ ናሙናዎቹን ከምስሉ አጠገብ አቁማቸው። ከተመልካቹ ቦታ ሆነህ እያቸው። ዓይንህን የጠራው ይውጣ። ወንበሩን እንዳትረሳ፣ አዳራሹ ግማሽ ሲሞላ ባዶው ወንበር ራሱ ግድግዳ ነው።

---

መጋረጃ ከፋች

የመጋረጃውን ሞተር ድምፅ የሌለው ግዙ። ፍጥነቱም የሚስተካከል ይሁን።